አሊስ ቦል፦ ዘግይቶ የተመለሰ ስም

የኬሚስትሪ ተመራማሪዋ አሊስ ቦል እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ተወለደች። በመድኃኒት ኬሚስትሪና በፋርማሲ ሁለት ዲግሪ ብትይዝም በዚያ አላበቃችም፤ ወደ ሃዋይ ተሻግራ በ1915 በኬሚስትሪ የማስተርስ ዲግሪ ተቀበለች። በዚያ ኮሌጅ ለዚህ ማዕረግ የበቃች የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ ጥቁር እርሷ ነበረች።

የመመረቂያ ጥናቷ ካቫ የተባለ ተክልን ሥር ይመረምር ነበር። ይህን የተገነዘበው ሐኪም ሃሪ ሆልማን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሰጠውን የቻውልሙግራ ዘይት እንድታጠና ጠየቃት። ዘይቱ ሲጠጣ ያቅለሸልሻል፤ በመርፌ ሲሰጥም ከቆዳ ሥር ይቋጠራል። አሊስ የዘይቱን አሲዶች ወደ ኤስተር ለውጣ ሰውነት የሚቀበለው መርፌ አደረገችው።

ግኝቷን ሳታሳትም በ1916 በ24 ዓመቷ ዐረፈች። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሥራዋን ስሟን ሳይጠቅስ አሳተመ። በ1922 ግን ሆልማን ዘዴውን በስሟ ጠርቶ ባለቤትነቷን መሰከረ። መርፌውም የሰልፎን መድኃኒቶች በ1940ዎቹ እስኪተኩት ድረስ ሕሙማንን አገለገለ።