ማክስ ዊልምስ፦ የሕፃናትን የኩላሊት ዕጢ ምንጭ የመረመሩት ሐኪም

ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ማክስ ዊልምስ እ.ኤ.አ. በ1867 ተወለዱ። በ1890 በቦን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን አጠናቀው፣ ቀዶ ሐኪም ከመሆናቸው በፊት በማይክሮስኮፕ የታመመ አካልን በመመርመር ሥራ ላይ ቆዩ።

በዚያን ዘመን ከሕፃናት ኩላሊት የሚወጣ አንድ ዓይነት ዕጢ ሐኪሞችን ግራ ያጋባ ነበር። በውስጡ ከኩላሊት ህዋሳት ሌላ ጡንቻ፣ አንዳንዴም ለስላሳ አጥንት ይገኝበታል። ዊልምስ ዕጢውን ያዩ የመጀመሪያው ሰው አልነበሩም። ሆኖም የቀደሙትን ዘገባዎች ከራሳቸው ምርመራ ጋር አገናዝበው በ1899 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ምንጭ፣ ማለትም በጽንስ ዘመን ገና መልክ ካልያዙ ህዋሳት የመነጩ መሆናቸውን አስረዱ። ዕጢውም በስማቸው ተጠራ።

ዊልምስ በ1907 በባዝል፣ በ1910 ደግሞ በሃይደልበርግ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዓመት፣ ዲፍቴሪያ ጉሮሮውን የዘጋበትን ፈረንሳዊ የጦር ምርኮኛ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ምርኮኛው ዳነ፤ ሐኪሙ ግን በሽታው ተጋብቶባቸው በግንቦት 1918 በ50 ዓመታቸው አረፉ።

ዕጢው ከምን እንደሚነሳ የሚያሳየው ሌላው ማስረጃ የተገኘው ከእርሳቸው ሞት በኋላ ነው። በ1964 ተመራማሪዎች ይህ ዕጢ ከያዛቸው ሕፃናት አንዳንዶቹ የዓይናቸው ባለቀለም ክፍል ሳይኖር የተወለዱ መሆናቸውን አስተዋሉ። በ1978 እንዲህ ባሉ ሕፃናት ከ11ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ቁራጭ መጉደሉ ታወቀ። በ1990 ደግሞ በዚያው ስፍራ የሚገኘው ዘረመል ተለየ፤ በዊልምስ ዕጢ ምህጻረ ቃልም «ደብሊው ቲ 1» ተባለ። ይህ ዘረመል በጽንስ ውስጥ ኩላሊት እንዲሠራ የሚመራ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ የዊልምስ የጥንት አስተያየት ከክሮሞዞም ጥናት ድጋፍ አገኘ። እርግጥ የዚህ ዘረመል ጉድለት የሚገኘው በከፊሎቹ ዕጢዎች ብቻ ነው።

ዛሬ ሐኪሞች ከዕጢው 1ኛና 16ኛ ክሮሞዞሞች ላይ የጎደለ ክፍል መኖሩን መርምረው ሕክምናውን ያጠነክራሉ። በበለጸጉ አገሮች ከ10 ታማሚ ሕፃናት 9 ያህሉ ይድናሉ። በሽታው በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ስለሚያጠቃ፣ ወላጆች ልጃቸውን ሲያጥቡ ወይም ሲያለብሱ ሆዱ ላይ እብጠት ከተሰማቸው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባቸዋል።