እንስሳት የምትሥለው ሮዛ ቦነር

በዚህ እትም የማስተዋውቃችሁ ሠዓሊዋን ሮዛ ቦነርን ነው። አገሯ ፈረንሳይ ነው፤ የተወለደችው ቦርዶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1822 ነው።

ሮዛ ልጅ ሳለች ማንበብ እምቢ ብሏት ነበር። እናቷ ታዲያ ዘዴ አገኙ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ እንስሳ እየመረጠች እንድትሥል አደረጓት። በእኛ ቢሆን በ“በ” በሬ፣ በ“ገ” ግመል እንደማለት ነው። እኚህ እናት ሮዛ 11 ዓመቷ ላይ ሞቱባት። ከዚያ በኋላ ሥዕል ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ እሳቸውም ሠዓሊ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1849 በሬዎች ሲያርሱ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ሣለች። እንደ ራያ ገበሬ ሁለት በሬ ጠምደው እንዳይመስላችሁ! አንዱን ማረሻ የሚጎትቱት ስድስት ናቸው።

ቀጥሎ የፈረስ ገበያ ልትሥል ተነሣች። በሳምንት ሁለት ቀን ፓሪስ ወዳለው የፈረስ ገበያ እየሄደች አንድ ዓመት ተኩል ሣለች። ገበያው የወንዶች ነው፤ ሴት ወረቀት ይዛ ከቆመች አያሠሯትም። ስለዚህ እንደ ወንድ ለበሰች። በዚያን ጊዜ ፓሪስ ውስጥ ሴት ሱሪ ለመልበስ ከፖሊስ ፈቃድ ማውጣት ነበረባት፤ እሷም አወጣች። እኔ ሴት ስለሆንኩ ይሄ ነው በጣም የገረመኝ። ቆቦ ከብት ተራ ሄጄ የምሥለው አጎቴ አብሮኝ ሲሆን ነው።

ሥራው ደግሞ ቀላል አይደለም። ከአፋር በኩል የመጣ ግመል ተኝቶ ያመሰኳል ስትሉ አንገቱን ያዞራል። መጀመሪያ የጀርባውንና የአንገቱን መስመር ቶሎ መያዝ ነው፤ ከዚያ ክብደቱን የጣለው በየትኛው እግሩ እንደሆነ ማየት። ከተነሣ እዚያው ወረቀት ላይ ሌላ መጀመር፤ ተመልሶ ሲተኛ ወደ በፊቱ መመለስ ነው። ሮዛማ አጥንትና ጡንቻ ለማጥናት ቄራ ድረስ ትሄድ ነበር።

የፈረስ ገበያው ሥዕል ወርዱ 5 ሜትር ያህል ነው፤ ከክፍላችን ሰሌዳ ይበልጣል። አሁን ኒውዮርክ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1865 የፈረንሳይን ትልቅ ኒሻን ተሸለመች፤ ይዘውላት ቤቷ ድረስ የመጡት የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ናቸው። ግቢዋ ውስጥ አንበሳ ሳይቀር ታሳድግ ነበር።

ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1899 በ77 ዓመቷ፣ ከዓድዋ ድል 3 ዓመት በኋላ ነው።

የበሬም የግመልም ሥዕል ያላችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን።