አሥር ዓመት ያልተቆጡት ልጅ

 

ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያለን ሁላችን እናውቀዋለን። ልጁ ሲያጠፋ እንጮኻለን፤ እሱም መልሶ ይጮኻል። ከዚያ ይህ ልጅ ቁጣውን መቆጣጠር አይችልም እንላለን። ግን ከማን ይማረው? የዛሬው ታሪካችን ከማን እንደሚማረው ያሳየናል።

አነስ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ.) መዲና ውስጥ የተወለደ የአንሷር ልጅ ነው። እናቱ ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ስትሰልም አባቱ ተቆጥቶ ቤቱን ጥሎ ወደ ሻም ሄደ፤ እዚያው ሞተ። ትንሹ አነስ የአዋቂ ቁጣ ቤትን ምን እንደሚያደርግ ገና በልጅነቱ አየ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ አነስ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እጁን ይዛ ወሰደችውና እንዲያገለግላቸው ሰጠቻቸው። እስከ ሕልፈታቸው ድረስ 10 ዓመት ያህል አብሯቸው ኖረ። በእነዚያ ዓመታት አንድም ቀን ኡፍ እንዳላሉት፣ ለሠራው ለምን ሠራህ፣ ላልሠራው ለምን አልሠራህም እንዳላሉት በኋላ ራሱ መሰከረ። ከቤተሰባቸው ሰው ሲወቅሰውም ተዉት ይሉ ነበር።

ይህ ማለት አነስ አያጠፋም ነበር ማለት አይደለም። ልጅ ነበርና። አንድ ቀን ላኩት። መንገድ ላይ የሚጫወቱ ልጆች አገኘና እዚያው ቆመ። ድንገት ከኋላው አንድ እጅ ማጅራቱን ያዘው። ዞር ሲል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው፤ ፊታቸው ፈገግ ብሏል። ስሙን በቁልምጫ ጠርተው ወደላኩት ቦታ ሄዶ እንደሆነ ጠየቁት። አሁን እሄዳለሁ አለ። አልተሰደበም፣ በጓደኞቹ ፊት አልተዋረደም። መልእክቱም አልተረሳም።

አነስ በእናቱ በኩል አቡ ዑመይር የሚባል ትንሽ ወንድም ነበረው። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ሞተችበትና አዘነ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዘኑን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሲነገራቸው ለአንዲት ወፍ ብሎ ነው ብለው አልናቁትም። ቤት በሚመታ አነጋገር ስሙን ከወፊቱ ጋር አያይዘው ስለ እርሷ ጠየቁት። ልጁ ሐዘኑን የሚያይለት ሰው አገኘ።

ይህ ሁሉ በአነስ ላይ ምን አፈራ? ሌላ ቀን ከልጆች ጋር ሲጫወት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው ለልጆቹ ሰላምታ ሰጡና አነስን ለጉዳይ ላኩት። ቤት ሲዘገይ እናቱ ምክንያቱን ጠየቀችው። ምስጢር ነው አላት። እሷም አልተጫነችውም፤ እንዲያውም ለማንም እንዳይናገር አዘዘችው። ካደገ በኋላም ለሚወደው ተማሪው ለሳቢት እንኳ አልነገረውም። መንገድ ላይ ጨዋታ ያሸነፈው ያ ልጅ ምላሱን የሚገዛ ሰው ሆነ።

አነስ (ረ.ዐ.) ኋላ ላይ በበስራ ኖረ፤ ከ2,200 በላይ ሐዲሶችን አስተላለፈ። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዱዓ ሀብቱና ልጆቹ በዙ፣ ዕድሜውም ረዘመ። በ93 ዓመተ ሂጅራ አካባቢ፣ 100 ዓመት ገደማ ሆኖት አረፈ። አዋቂ ሆኖም በልጆች አጠገብ ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጣቸው ነበር፤ ምክንያቱም ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያየው ይህንኑ ነው።

ልጅ ራሱን መግዛት የሚማረው ራሱን ከሚገዛ ሰው ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ ታናሻችሁ ብርጭቆ ቢሰብር፣ የላካችሁትን ቢረሳ ወይም በትንሽ ነገር ቢያለቅስ፣ መጀመሪያ የራሳችሁን ድምፅ ያዙ። ስሙን በፍቅር ጥሩት፤ ምን እንደሆነ ጠይቁት። ከዚያ የሚስተካከለውን አብራችሁ አስተካክሉ።

አላህ ቁጣችንን የምንውጥ፣ ለትንንሾቻችን የምናዝን ያድርገን። አሚን። በዚህ በተባረከ ቀን ሰለዋት ማብዛትን አንርሳ።