ቦብ ማርሌይ ከጥይቱ በኋላ

ከሕግ ፋኩልቲ ጀምሮ አብረን ያረጀን አንድ ወዳጅ አለኝ። ለብዙ ዓመታት ዳኛ ነበር። ባለፈው ሰሞን የስኳር በሽታው የቀኝ እግሩን አውራ ጣት አቁስሎበት ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሞቹ ጣቱ ካልተቆረጠ እግሩም እንደሚያሰጋ ነገሩት። እምቢ አለ። ለምን ቢሉት ቦብ ማርሌይም እምቢ ብሏል ብሎ መለሰላቸው! ልጁ ደውላ ስትነግረኝ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

በሕግ አነጋገር ልሞግተው አሰብኩና ተውኩት። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በክርክር ረትቼው አላውቅም፤ ታሞ ደግሞ ይብሳል። እሱ ራሱ ግን መንገድ ከፈተልኝ። ሌሊቱ አልገፋ ስላለው የቦብን ዘፈኖች በፍላሽ ሞልቼ እንዳመጣለት ላከብኝ። እሺ አልኩ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን ለራሴ አበጀሁ። ከዲሴምበር 3 ቀን 1976 በፊት የወጣ ዘፈን አይገባም። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አንባቢ ይታገሰኝ።)

በዚያ ምሽት ታጣቂዎች ኪንግስተን ውስጥ ቦብ ቤት ገብተው ተኮሱ። እሱ ደረቱና ክንዱ ላይ ቆሰለ፤ ሚስቱ ሪታና ሥራ አስኪያጁ ዶን ቴይለርም ተመቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ቁስሉ ሳይደርቅ ለሕዝብ ቃል የገባውን ኮንሰርት መድረክ ወጥቶ ተጫወተ። ከዚያ አገሩን ጥሎ ለንደን ገባ። ያን ጊዜ ገና ሰላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ወዳጄ መኪናው ውስጥ ያለችው «ሌጀንድ» ብቻ ናት። ቦብ ከሞተ በኋላ በ1984 የወጣች ስብስብ ናት፤ በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያላት። አልጠላትም። ነገር ግን አሥራ አራቱን ዘፈን ብትቆጥሩ በ1979 ከወጣው «ሰርቫይቫል» ከተባለው አልበም አንድም አታገኙም። ቁጡውና አፍሪካን አፍሪካን የሚለው ቦብ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ለእራት ግብዣ የሚመቸው ቦብ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ፍላሹን ስሞላ ከሁሉ በፊት «ሰርቫይቫል»ን ከነሙሉው ጫንኩ። ሽፋኑ የአፍሪካ አገሮች ባንዲራ የተደረደረበት፣ ከርዕሱ ሥር ደግሞ ባሪያ እንደ ማገዶ የተጫነበት የመርከብ ሥዕል ያለበት ነው።

ከለንደኑ ስደት «ኤክሶደስ» (1977) እና «ካያ» (1978) ወጡ። ጣቱም የታወቀበት በዚሁ በ1977 ነው። ኳስ ሲጫወት የተጎዳ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት አልድን ብሎ ሲመረመር ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች ይቆረጥ አሉ። በራስተፈሪያን እምነቱ ምክንያት እምቢ አለ። የተበላሸውን ሥጋ አንስተው ከጭኑ በተወሰደ ቆዳ ሸፈኑለት። የአሜሪካ ጉዞው ተሰረዘ። ጣቱ ቢቆረጥ ኖሮ ይድን ነበር ብዬ አልፈርድም፤ ምክንያትና ውጤትን ማያያዝ ፍርድ ቤትም የሚያስቸግር ጉዳይ ነው። ወዳጄ ግን ከዚህ ሰው ታሪክ የመዘዘው እምቢታውን ብቻ መሆኑ አናደደኝ።

በፌብሩዋሪ 1978 ወደ ጃማይካ ተመለሰ። በኤፕሪልም ደጋፊዎቻቸው በየመንደሩ የሚገዳደሉትን ማይክል ማንሊንና ኤድዋርድ ሲያጋን በኪንግስተን ስታዲየም መድረክ ላይ ጠርቶ እጅ ለእጅ አያያዛቸው። (የእኛዎቹንስ ማን ያያይዝልን ይሆን?) በዚያው ዓመት አዲስ አበባና ሻሸመኔ መጣ። እንግዲህ አስቡት! በ1975 ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ ሲባል አልሞቱም ብሎ ዘፈን ያወጣ ሰው፣ ስማቸውን በበጎ ማንሳት በሚያስጠይቅበት በደርግ አዲስ አበባ ሲዘዋወር። እኛ ያኔ ትንንሽ ልጆች ነበርን፤ መምጣቱንም የሰማነው ካደግን በኋላ ነው። እኔና ወዳጄ የካሳነው በ2005 ነው። ስድሳኛ ዓመት ልደቱ መስቀል አደባባይ ሲከበር ከቀትር ጀምረን ቆመን አመሸን። ያኔ እግሩ ደህና ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ሕግ ጣስኩ። «ዋር» የወጣው በ1976 መጀመሪያ አጋማሽ ስለሆነ በቅድመ ሁኔታዬ መሠረት ውድቅ ነው። ግን እንዴት ይቀራል? ግጥሙ ከሞላ ጎደል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦክቶበር 4 ቀን 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በአማርኛ ያደረጉት ንግግር ነው። የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው ግን በከበሮ መቺው ካርልተን ባሬትና በኳስ ተጫዋቹ አለን ኮል ስም ነው። ኮል አዲስ አበባ ኖሮ የአየር መንገድን ቡድን ያሰለጠነ ሰው ነው። ንጉሡ ያሉትን ጃማይካዊ ዘፍኖት፣ ኳስ ተጫዋች ተፈርሞበት... ወዳጄ በዳኝነቱ ዘመን ይህን መዝገብ ቢያገኝ በደስታ ያብድ ነበር። በልዩ ሁኔታ አስገባሁት።

ቀጥሎ «ዚምባብዌ»ን አደረግኩ። አገሪቱ ገና ሮዴዥያ ስትባል በ1979 ያወጣው ነው። በዓመቱ በኤፕሪል 1980 የነጻነቱ ሌሊት ሐራሬ (ያኔ ሳሊስበሪ) ሩፋሮ ስታዲየም ተገኝቶ ዘፈነው። የድምፅ መሣሪያውን ያጓጓዘው በራሱ ገንዘብ ነው። በር ላይ የተገፋፋውን ሕዝብ ለመበተን ፖሊስ የተኮሰው አስለቃሽ ጭስ መድረኩ ድረስ መጣ፤ ባንዱ ወርዶ ጭሱ ሲበርድ ተመልሶ ወጣ። በማግስቱ ሌሊቱን መግባት ላልቻለው ሕዝብ ደግሞ ተጫወተ። ይህን ሁሉ ያደረገው በዚያ እግር ነው።

«አፕራይዚንግ» በጁን 1980 ወጣ። በሕይወት ሳለ የመጨረሻው አልበም ሆነ። መዝጊያው «ሪደምፕሽን ሶንግ» ላይ ያ ሁሉ ከበሮና ባስ የለም፤ ሰውየውና ጊታሩ ብቻ። ፍላሹም በሱ እንዲዘጋ አደረግኩ። ሴፕቴምበር ላይ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሲሮጥ ወደቀ። ካንሰሩ አንጎሉ ደርሶ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ፒትስበርግ ላይ አንድ ኮንሰርት ሠራ፤ ሌላ አልደገመም። በኖቬምበር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠመቀ፤ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ጀርመን ለሕክምና ቆይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ማያሚ ላይ ሜይ 11 ቀን 1981 አረፈ። 36 ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ላይ ከተናገሩት አንዱ ያ እጁን ያያዘለት ሲያጋ ነው፤ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። ኑዛዜ አልተወም። በውርሱ የተነሣው ክርክር ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ፤ ጠበቆች በሉ። (እኔም እስካሁን ኑዛዜ አልጻፍኩም፤ የሕግ ምሩቅ ነኝ ባይ!)

ፍላሹን እሑድ አደረስኩለት። ስለ ጣቱ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ማክሰኞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደወለ። ሁለቴ እንዳዳመጠው ነገረኝና ቅደም ተከተሉ ስሕተት ነው ብሎ ተከራከረኝ፤ «ዋር» መጀመሪያ መግባት ነበረበት፣ «ካያ»ን ደግሞ ንቄዋለሁ። ከዚያም ቦብ በ17 ዓመቱ የሠራትን የመጀመሪያ ዘፈኑን ለምን እንደተውኩ ጠየቀኝ። ርዕሷ አትፍረድ ማለት ነው፤ ለድሮ ዳኛ እንዴት ትቀራለች አለ። ቅድመ ሁኔታዬን ብነግረው ይግባኝ እላለሁ ብሎ ሳቀ። ለሐኪሞቹ ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን ሐሙስ ጠዋት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስለሚገባ ዘፈኗን ከዚያ በፊት እንዳደርስለት አዘዘኝ።