ኤሌክትሪክን ያዘፈኑት ዶክተር ሮበርት ሙግ

በሐረር ከተማ ከፈላና በር ጀምሮ በግንቡ ውስጥ ባሉት ሰፈሮች ሁሉ፣ በሠርግ ሰሞን ከከበሮው ጋር የኪቦርድ ድምፅ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ሰው በጣቶቹ ብቻ የመለከቱንም የዋሽንቱንም ድምፅ ሲያወጣ እናያለን፤ ነገር ግን ለዚህ ጥበብ መንገድ የጠረገው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከእነዚህ መንገድ ጠራጊዎች አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር ሮበርት ሙግ ናቸውና፣ ዛሬ የሕይወታቸውን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ሮበርት ሙግ በ1934 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ፒያኖ ተጫዋች እንዲሆኑላቸው ይመኙ ነበር፤ ልጁ ግን ከፒያኖው ይልቅ የአባታቸውን የሥራ ክፍል ይወዱ ነበር። አባታቸው በኤሌክትሪክ ኩባንያ ኢንጂነር ስለነበሩ ሽቦና ብየዳ አስተማሯቸው። በ14 ዓመታቸው ቴረሚን የተባለውን፣ ሩሲያዊው ሌቭ ቴረሚን የፈለሰፈውንና ሳይነኩት እጅን በአየር ላይ በማንቀሳቀስ ብቻ የሚጫወቱትን መሣሪያ በቤታቸው ሠሩ። በ1954 ከአባታቸው ጋር ሆነው ይህንኑ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ፤ ከዚያም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1965 ዶክተር ተባሉ።

ሙግን ዝነኛ ያደረጋቸው ሥራ የተጀመረው ግን በ1963 ነው። በዚያ ዓመት በሮቸስተር ከተማ በተደረገ የሙዚቃ መምህራን ጉባኤ ላይ ኸርበርት ዶይች ከተባሉ መምህርና የዜማ ደራሲ ጋር ተዋወቁ። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ለመሥራት የተቀዳውን ቴፕ በምላጭ እየቆራረጡ መቀጠል ግድ ስለነበር፣ ለጥቂት ደቂቃ ዜማ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ይህን ድካም ለማቃለል በ1964 ትሩማንስበርግ በምትባለው ትንሽ ከተማ በነበረው በሙግ የሥራ ቤት ተገናኙ።

የሠሩት መሣሪያ አንድ ወጥ ዕቃ ሳይሆን በየክፍሉ የተለያየ ነው። አንዱ ክፍል ድምፅ ያመነጫል፤ ሌላው ያጎላል ወይም ያደክማል፤ ክፍሎቹም በቀድሞው የስልክ ማዞሪያ እንደነበሩት ባለ ገመድ መሰኪያዎች ይያያዛሉ። ዋናው ምሥጢር አንዱ ክፍል ሌላውን በቮልት ማዘዙ ነው፤ በሙግ ሥርዓት አንድ ቮልት ሲጨመር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል።

ሲሞከር ግን ጉድለት ተገኘበት። በሐረር በዝክሪ ላይ የሚመታው ከረቡ ድምፁ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ይጠፋል፤ የክራር ክር ሲነካ ጮኾ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ዋሽንት ደግሞ እስትንፋስ እስካለ ድረስ ይቆያል። የሙግ መሣሪያ ግን ሲከፈት መጮኽ፣ ሲዘጋ ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዶይች ይህን ባመለከቱ ጊዜ ሙግ ጥቂት አሰቡና ከመደብር የበር ደወል ቁልፍ እንዲገዙላቸው ላኳቸው። በዚያች ርካሽ ቁልፍ እየተረዱ የድምፁን አነሣሥና አወዳደቅ የሚያዝ አዲስ ክፍል ሠሩ፤ ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እንደ ሌሎቹ መተንፈስ ጀመረ ለማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር በኒው ዮርክ የድምፅ ኢንጂነሮች ጉባኤ ላይ ሲያሳዩት ወዲያው ገዢ አገኘ።

በ1968 ዌንዲ ካርሎስ የባኽን ድርሰቶች በዚሁ መሣሪያ ተጫውተው ያወጡት ሸክላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በ1970 በእጅ የሚያዘው ሚኒሙግ ወጣ። ይሁን እንጂ ዝና ገንዘብ አልሆነም፤ ኩባንያው በዕዳ ስለ ተያዘ በ1971 ወደ ሌሎች እጅ አለፈ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሙግ ከኩባንያው ሲወጡ ስማቸው እዚያው ቀረ፤ ለንግድ ሊጠሩበት የቻሉት በ2002 ነው። እስከዚያ ድረስ በሰሜን ካሮላይና በሌላ ስም የሥራ ቤት ከፍተው የልጅነት መሣሪያቸውን ቴረሚንን ይሠሩ ነበር።

የመሣሪያው ድምፅ ለእኛም ደርሷል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ባወጣው ካሴት አኮርዲዮኑን ከሙግ ድምፅ ጋር አስማምቶ የአገራችንን ዜማዎች ተጫውቶበታል።

ዶክተር ሙግ በኦገስት 21 ቀን 2005 በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ያ የመጀመሪያው የሙከራ መሣሪያ ዛሬ በሚቺጋን በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ተቀምጧል። አሮጌ ሬዲዮ እየፈቱ ለሚገጣጥሙ ወጣቶቻችን ከዚህ ታሪክ የምናተርፍላቸው ነገር ቢኖር፣ ሠሪው የተጫዋቹን ቅሬታ ሰምቶ ሥራውን ሳያርም ኖሮ መሣሪያው ከጩኸት አያልፍም ነበር የሚለው ነው።