ሕግ አርቃቂውና አራሹ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት

ከአዲ አርቃይ — ለማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅ የገበሬ ማኅበር መሪ፣ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

በጅሮንድ በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ በተጉለት አውራጃ፣ በሰያደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር ወርደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ከዘመቱ በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ቀጥለውም በአውሮፓ የእርሻ ትምህርት ቀሰሙ። መኰንን ሆኖ ስለ አፈርና ስለ ዘር መማር በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም።

ከ1909 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ ጅጅጋን፣ በኋላም ጨርጨርን ገዙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በሰሜንና በወገራ ገበሬው በአባቱ ርስት ያርስ ነበር። በጨርጨር ግን ከ1879 ዓ.ም. የሐረር ዘመቻ በኋላ ብዙው አራሽ ለሹምና ለወታደር ገባር ሆኖ ነበር። የሚከፍለውም በሹሙ ፈቃድ ይበዛ ነበር። በጅሮንድ ለአስተዳደሩ የተጻፈ ደንብ አወጡ፣ አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፣ በሂርና ራሳቸው እርሻ አቋቋሙ። ጨርጨርም በዘመኑ የናሙና አውራጃ ተባለ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን፣ 55 አንቀጾች ያሉትን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። አርአያ ያደረጉት የ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሆኖም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹማምንት እንጂ ገበሬው አልነበረም። ሕዝቡ ራሱ እስኪመርጥ ድረስ ለጊዜው ነው ቢባልም፣ ጊዜያዊው ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ የተካሄደው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አስተያየት የሥራቸው ጉድለት ይህ ነው፤ ደንቡ ለአራሹ ተጻፈ፣ አራሹ ግን በጽሕፈቱ አልነበረበትም።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ በመቃወም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተከራከሩ። ከዚያ በስደት ኖሩ፤ ከነጻነት በኋላም በማዳጋስካር ለብዙ ዓመታት ቆይተው ወደ ሂርና ተመለሱ።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገውና የገበሬ ማኅበራት ከነፍርድ ሸንጎአቸው እንዲቋቋሙ ያዘዘው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲወጣ በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። ራሳቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ስለታተመ፣ ማንበብ የሚችል የማኅበር ጸሐፊ ቢያገኘው ለአባላቱ ያንብብላቸው።