ዶክቶር ኮርቻክና የልጆቹ ችሎት

ስለ ዶክቶር ያኑሽ ኮርቻክ የሚናገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከአሟሟታቸው ነው። እኔ ግን ልጆች ዳኛ ሆነው ከሚቀመጡበት ችሎታቸው ልጀምር እወዳለሁ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

እኚህ ሰው የተወለዱት በዋርሶ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። ትክክለኛ ስማቸው ሄንሪክ ጎልድሽሚት ሲሆን ኮርቻክ የብዕር ስማቸው ነበረ። የሕፃናት ሐኪም ሆነው በሀብትና በክብር ለመኖር ሲችሉ፥ በ1912 ወላጅ የሌላቸው የአይሁድ ልጆች የሚያድጉበትን ቤት ለመምራት ተረከቡ። ስቴፋንያ ቪልቺንስካ የምትባል መምህርትም እስከ መጨረሻው አብራቸው ሠራች።

በዚያ ቤት ልጅ ልጅን ይከሳል፤ ልጅ መምህሩንም ይከሳል። ዳኞቹ በዕጣ የሚወጡ አምስት ልጆች ናቸው፤ ዕጣው የሚጣለውም በዚያ ሳምንት ክስ በሌለባቸው መካከል ነበር። የሕጉ አንቀጽ ቍጥር እስከ 1000 ይደርሳል። ከ1 እስከ 99 ያሉት ሁሉ ምሕረት ናቸው፤ ከ100 ወዲያ ፍርዱ እየከበደ ሄዶ 1000ኛው ከቤቱ ማስወጣት ነው። ዶክቶሩም ራሳቸው በስድስት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ተከሰሱ፤ አንዱን ልጅ ጆሮውን በመምታት፥ ሌላውን ከመኝታ ክፍል በማስወጣት፥ አንዱን ጥግ በማቆም፥ አንዲቱን ልጅ ሰርቃለች ብለው በመጠርጠር፥ ደግሞም (ይህስ ያስቀኛል) ዳኛ በመስደብ። እነዚህ ክሶች ለሕግ የሚገዛ መምህር እንዳደረጓቸው በኋላ ጽፈዋል።

ስለ ዲሞክራሲ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ለማንም መምህር ቀላል ነው። በተማሪው ፊት ተከሳሽ ሆኖ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ይህም የሆነበት ዘመን የሰላም ዘመን አልነበረም። ከ1933 ጀምሮ በጎረቤት አገር በጀርመን መምህራን ልጆችን ለአንድ መሪ እንዲሰግዱ ያስተምሩ ነበር። በፖላንድም የአይሁድ ጥላቻ በርትቶ፥ ዶክቶሩ ለልጆች ያሰሙት የነበረው የራዲዮ ንግግር በ1936 ተቋረጠ። እርሳቸው ግን በ1926 ያቋቋሙት፥ ልጆች ራሳቸው የሚጽፉበት ሳምንታዊ ጋዜጣ እስከ 1939 ይታተም ነበር።

በዚያ ዓመት ጀርመኖች ፖላንድን ወረሩ። በ1940 ቤቱ በግንብ ወደ ታጠረው የአይሁድ ሰፈር ተዛወረ። ልጆቹ የሚበሉትን እየለመኑ የሚያመጡላቸው ሽማግሌው ዶክቶር ነበሩ። ወዳጆቻቸው ሊያስመልጧቸው ቢለምኗቸውም ልጆቹን ትቼ አልወጣም ብለው እምቢ አሉ። ከጥፋቱ ጥቂት ሳምንት አስቀድሞ፥ በሐምሌ 1942፥ ልጆቹ ታጎር የጻፈውን የአንድ በሽተኛ ልጅ ተውኔት ለእንግዶች አሳዩ።

በነሐሴ መጀመሪያ ወታደሮች መጡ። ዶክቶሩ፥ ስቴፋንያ፥ ሌሎች አሳዳጊዎችና 200 ያህል ልጆች በሰልፍ ወጥተው በባቡር ወደ ትሬብሊንካ ተወሰዱ፤ በዚያም ተገደሉ። ዛሬ በስፍራው ለመታሰቢያ ከቆሙት 17,000 ያህል ድንጋዮች የአንድ ሰው ስም የተጻፈበት አንዱ ብቻ ነው፤ በእርሱም ላይ ከዶክቶሩ ስም ቀጥሎ ልጆቹ ተጠቅሰዋል።